ያለ ጥፋቱ የተጣለ አብሽ

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ እናቴ ለወይዘሮ የሺመቤት፣
ቀበና፣ አዲስ አበባ።

እማዬ፣ እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ባለፈው ክረምት አላስተኛ ያለዎት ሳል ተመልሶ አልመጣም? ዓይንዎስ? ጾሙ አልከበደዎትም? መልሱን ከአፍዎ የምሰማ ይመስል ጥያቄ አበዛሁ። እኔ ደህና ነኝ። ባለቤቴ ፀሐይወርቅም ዛሬ ደህና ናት። «ዛሬ» ማለቴ በምክንያት ነው፤ ባለፉት ሁለት ወራት ደህና ያልነበረችባቸው ቀኖች ነበሩ፣ እኔም ያን ሁሉ ጊዜ አንዲት ቃል ሳልጽፍልዎ ቀርቻለሁ።

የእኅቴ የወይንሸት ደብዳቤ ሃያ አምስት ቀን መንገድ ላይ ቆይቶ ባለፈው ማክሰኞ ደረሰኝ። ቆሜ ጀመርሁት፣ ተቀምጬ ጨረስሁት። በየካቲት ሥላሴ ማኅበር ላይ የፀሐይወርቅ አክስት በሰው ሁሉ ፊት «ምራትሽን በአብሽ አድርገሽ ልትጨርሻት ነበር አሉ» እንዳሉዎ፣ እርስዎም ጽዋውን ሳይቀምሱ ነጠላዎን አጣፍተው እንደ ወጡ፣ ከዚያ ወዲህ ከደጅ እንዳልወጡ ጽፋልኛለች። «ወንድሜ፣ እማዬ እህል በቅጡ አይቀምሱም። ውሸት ከሆነ ምነው ዝም አልህ? ዝምታህን እኮ ሰው እንደ ምስክር ቆጠረው» ትላለች።

ውሸት ነው እማዬ። የላኩት ነገር ማንንም አልጎዳም። ይህን አስቀድሜ ልጻፍልዎና ልብዎ ይረፍ። ነገር ግን እኔ ንጹሕ አይደለሁም፤ ስለዚህ የሆነውን ሁሉ ከሥሩ ልንገርዎት።

አበጋዝ ለትምህርት ወደ ሎስ አንጀለስ ሲመጣ ያስያዙት ዕቃ ከገና በኋላ በሰላም ደረሰን። በሶው፣ ድልሁ፣ ከታች ደግሞ በአሮጌ ነጠላዎ ጥለት የተቋጠረው የአብሽ ዱቄት። አበጋዝ «እማማ አብሹ ለፀሐይወርቅ ብቻ ነው ብለዋል፤ ግርማቸው እንዳይነካው» አለን። ሳቅን። ፀሐይወርቅ ደስ ብሏት በማግሥቱ ዘፍዝፋ፣ መራራውን ውኃ ደፍታ፣ በማር በጥብጣ ጠጣችው። ስንጋባ እርስዎ ደስ እንዳላለዎት እሷም ታውቃለችና፣ «እናትህ አስታወሱኝ» ብላ ቋጠሮውን ለጎረቤት ሳይቀር አሳየች።

በሳምንቱ፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ሰሃን እያጠበች ሳለ «ሳማ ውስጥ የገባሁ መሰለኝ» ብላ ክንዷን ታክ ጀመር። ቀና ብዬ ሳይ ሳንቲም የሚያህል እብጠት ወጥቷል፤ መሐሉ ነጣ ያለ፣ ዙሪያው ቀይ። ዓይኔ እያየ ሁለት ሆነ፣ አምስት ሆነ፣ እርስ በርሱ ተገጣጥሞ እንደ ካርታ ክንዷን ሸፈነው። ከቀትር በኋላ አንገቷና ሆዷ ላይ ደረሰ።

ከታች ፎቅ የሚኖረው ጓደኛዬ ክፍሉ መጣና «ትኋን ነው» አለ። ፍራሹን አውጥተን ፀሐይ ላይ አሰጣነው፣ አልጋው ላይ የፈላ ውኃ አፈሰስንበት። አንድም ትኋን አላገኘንም። እሷም ያሳርፈኛል ብላ በትኩስ ውኃ ታጠበች፤ ይባሱኑ ፍም መሰለች። እሑድ ዕለት ደግሞ ዌስት አዳምስ ከሚባለው ሠፈር እትዬ እልፍነሽ መጡ። እሳቸው ልጃቸው ጋ የሚኖሩ፣ እዚህ ላለነው ወጣቶች ሁሉ እንደ እናት የሆኑ ሴት ናቸው። «ምች ነው» ብለው ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ ወቅጠው ቀቧት። ፀሐይወርቅ እየጮኸች ታጠበችው።

እማዬ፣ ያስፈራን የበሽታው ጠባይ ነው። አንገቷ ላይ የነበረው እብጠት ምልክት እንኳ ሳይተው ይጠፋል፤ ጥቂት ቆይቶ ጭኗ ላይ ይወጣል። ከጭኗ ሲጠፋ ጀርባዋ ላይ ይገኛል። እትዬ እልፍነሽ ይህን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። «ምች አንዴ ይመታል እንጂ እየዞረ አይማታም። ይሄ የተላከ ነገር ነው። አንቺ፣ ሰሞኑን ምን አዲስ ነገር ቀመስሽ?» አሏት። ፀሐይወርቅ ወደ መደርደሪያው አየች። እኔም አየሁ። «አብሽ ነው እኮ» አለች። «አብሽ ብቻ መሆኑን በምን አወቅሽ? የአብሽ ምሬት ስንቱን ይሸፍናል! ለመሆኑ ለምን ላንቺ ብቻ ተባለ?»

ያን ጊዜ ተቆጣሁ። «እትዬ፣ የእናቴን ስም በክፉ እንዳያነሱብኝ» አልሁ። ግን እግዚአብሔር ያያል፣ አፌ ይቆጣ እንጂ ልቤ ያንኑ ጥያቄ ይጠይቅ ነበር። «ለእሷ ብቻ» ያሉት ቃል ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አልለቅ አለኝ።

ሰኞ ወደ ሥራ ሄድሁ። መሥሪያ ቤቴ ቶራንስ ነው፤ ከቤታችን በመኪና ከግማሽ ሰዓት በላይ ይወስዳል። ጠረጴዛዬ ላይ ፕላን እየነደፍሁ ሳለ ስልክ ተጠራሁ። ሊያስታምሟት ቤታችን የዋሉት እትዬ እልፍነሽ ናቸው። «ግርማቸው፣ ቶሎ ድረስ! ከንፈሯ አብጧል፣ አንድ ዓይኗ ተከድኗል፣ ድምጿ ሌላ ሰው ሆኗል» አሉኝ። አቅርቡልኝ ብዬ አነጋገርኋት። «አየር አጠረኝ» ያለችኝ የማላውቃት አሮጊት እንጂ ሚስቴ አትመስልም። ክፍሉ ከአጠገቧ ሆኖ «ኦኬ፣ እኔ አሁኑኑ ድራይቭ አድርጌ ዌስትውድ ሐኪም ቤት አደርሳታለሁ፤ አንተ እዚያው ና» እያለ ሲጮኽ ሰማሁት።

ያን መንገድ እንዴት እንደ ነዳሁት አላውቅም። ሀይዌዩ በመኪና ታጭቆ እንደ ቀንድ አውጣ ይሄዳል። ግራና ቀኝ ሰዎች ሬዲዮ እየሰሙ ያፏጫሉ፤ እኔ መሪውን ጨብጬ «እስክደርስ ቆዪኝ፣ እስክደርስ ቆዪኝ» እላለሁ። እማዬ፣ ስለ እርስዎ መጥፎ ያሰብሁት በዚያ መንገድ ላይ ነው። «ከሞተችብኝ ለእናቴ ምን እላታለሁ?» አላልሁም። «ከሞተችብኝ እናቴን ምን አደርጋታለሁ?» ነው ያልሁት። ይህን በጽሑፍ ሳሰፍረው እጄ ይከብደኛል፤ ግን ሆኗል።

ስደርስ አድሬናሊን የሚባል መርፌ ወግተዋት ነበር። እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ልቧ ከልብሷ በላይ ሲመታ ይታያል። ያለቀላት መስሎኝ ጮኽሁ። ዶክተሩ ግን «መንቀጥቀጡ የመርፌው ነው፤ አትደንግጥ፣ ትንፋሿን ስማ» አለኝ። ሰማሁ። በሩብ ሰዓት ውስጥ የትንፋሿ ፉጨት ለቀቃት፣ ድምጿም ተመለሰ። ዶክተሩ ሽበት የወረረው፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠና አስረዳኝ። ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ አይደለም፣ ከቆሻሻም አይመጣም አለኝ። ሰውነታችን ራሱን የሚጠብቅበት ኃይል አለው፤ አንዳንዴ ያ ጠባቂ ይሳሳትና ሌላውን ሰው የማይጎዳውን ነገር ጠላት ነው ብሎ ይነሣበታል፤ ቆዳው የሚያብጠው፣ የሚያሳክከውም በዚያ ነው። በእኛ ቋንቋ ሳስበው፣ የቤቱን ልጅ ሌባ መስሎት የሚደበድብ ዘበኛ ማለት ነው። ስለሚዞረው ነገር ስጠይቀው «የዚህ በሽታ ጠባይ ነው። አንዱ እብጠት ከአንድ ቀን በላይ ብዙም አይቆይም፤ ይጠፋል፣ ሌላው ሌላ ቦታ ይወጣል። ቆዳ ላይ ብቻ ሲሆን ያስጨንቃል እንጂ አይገድልም። ከንፈርና ምላስ ሲያብጥ፣ ትንፋሽ ሲያጥር ግን ደቂቃ መጠበቅ የለባችሁም» አለኝ።

ቀጥሎ ጠየቀ። ከሳምንት ወዲህ ያልለመደችው ምን በላች? ምን ጠጣች? መድኃኒት ወስዳለች? ፀሐይወርቅ ለመድኃኒቱ «የለም» ብላ ራሷን ነቀነቀች። አብረዋት የመጡት እትዬ እልፍነሽ ክንዴን ቆንጥጠው «የአብሹን ንገረው!» አሉኝ። እኔም «ከአገር ቤት የተላከ ዱቄት አለ» አልሁት። ዱቄት አልሁ እማዬ። ስሙን አውቀዋለሁ፣ የላከውን እጅ አውቀዋለሁ፤ እንደ ማላውቀው ነገር «ዱቄት» አልሁት። ዶክተሩ «ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል፤ ምክንያቱ ሳይታወቅ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። ለጊዜው ተዉት» አለና የሚዋጥ ኪኒን ሰጥቶ ሰደደን።

እሱ ተዉት ነው ያለው። እኔ ቤት ስገባ አብሹን ብቻ ሳይሆን በሶውንም ድልሁንም ሰብስቤ ከሕንጻው ኋላ ያለው የቆሻሻ በርሜል ውስጥ ጣልሁት። ጥለቱን አውቄዋለሁ፤ ለልደታ ይለብሱት የነበረው ነጠላ ጥለት ነው። እሱንም ጣልሁት።

ኪኒኑ እንቅልፍ እንቅልፍ ያሰኛታል እንጂ በሁለት ቀን ገላዋ ጠራ። እትዬ እልፍነሽ «አላልሁህም?» አሉኝ፤ ለፀሐይወርቅ አክስት የጻፉትም በዚያ ሰሞን ነው። እኔ አላወቅሁም እንጂ ባውቅም ኖሮ አፌን ሞልቼ የምከለክላቸው አልነበርሁም።

ሰላሙ የቆየው ስምንት ቀን ነው። በዘጠነኛው ቀን ፀሐይወርቅ ከሥራ ስትመለስ አንገቷን ይዛ ገባች። እብጠቱ ተመልሷል። አብሽ የለ፣ በሶ የለ፣ ከአገር ቤት የመጣ አንዲት ፍሬ ቤት ውስጥ የለም። እኔ ይህ እርስዎን ነጻ ያወጣል ብዬ ነበር። እሷ ግን በሌላ ተረጎመችው። «ውስጤ ቀርቷል» አለች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ጥፍሯን ገላዋ ላይ እንዳታሳርፍ እጇን ጭኗ ሥር ቀብራ፣ «ለእናትህ ጻፍላት። ያደረገችውን ትንገረኝና ማርከሻውን ትላክልኝ። ካልጻፍህ እኔና አንተ አንድ ቤት አንኖርም» አለችኝ። ወረቀት አወጣሁ። «እማዬ፣ ምን አድርገውባት ነው?» የሚል አንድ መስመር ጻፍሁ። አየሁት። ቀደድሁት። እሷ ወደ ግድግዳው ዞረች፤ ሦስት ቀን ሙሉ ከሰላምታ በቀር አልተነጋገርንም።

የሚያሳክከው አልተወም ነበርና ኪኒኑን ዳግመኛ ልንገዛ በሦስተኛው ቀን ፌርፋክስ ጎዳና ወዳለው መድኃኒት ቤት አብረን ሄድን። ባለቤቱ አይሁዳዊ ሽማግሌ ነው፤ ማንንም ሰው ሳይጠይቅ አያሳልፍም። ወረቀቱን አይቶ፣ ክንዷን አይቶ፣ «ሌላ የምትወስጂው መድኃኒት አለ?» አላት። «የለም» አለች። «ለራስ ምታት? ለወር አበባ? ለሆድ?» «የለም።» «ለወገብ?» እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። ከዚያ «ለወገቤ አስፕሪን እወስዳለሁ፤ እሱ መድኃኒት ነው እንዴ?» አለች።

ፀሐይወርቅ የምትሠራው አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። ሽማግሌዎችን ስታነሣ ስታስተኛ ወገቧን ይዟት፣ አብራት የምትሠራ ሴት ከቦርሳዋ አስፕሪን ትሰጣት ኖሯል። መስጠት የጀመረቻት መቼ ነው ብንል፣ አብሹ በደረሰበት ሳምንት። ሲያሳክካት ደግሞ ሕመም ማስታገሻ ነው ብላ ትጨምርበታለች። ከንፈሯ ባበጠበት ሰኞ ጧት ሁለት ውጣለች። ስምንቱን ቀን ደህና የሆነችው ዶክተሩ ዕረፍት ስለ ሰጣት ነው፤ ሥራ በገባች ቀን ወገቧ አመማት፣ ዋጠች፣ ያው ተመለሰ። ሽማግሌው መነጽሩን አወለቀና «ልጄ፣ ይህን ዛሬውኑ ለዶክተርሽ ንገሪው። እስከዚያ አንድም ፍሬ እንዳትውጪ» አላት። መኪናችን ውስጥ ገባንና ወደ ዶክተሩ ነዳሁ። ማናችንም የእርስዎን ስም ለመጥራት አልደፈርንም።

ዶክተሩም እንደዚያው አለ፤ ብዙ ሰው የሚወስደው አስፕሪን በአንዳንድ ሰው ላይ እንዲህ ያደርጋል፣ እሷም ዳግመኛ እንዳትነካው፣ እሱን የሚመስሉትንም ሳትጠይቅ እንዳትወስድ። ለእኔ ይህ ይበቃ ነበር። እትዬ እልፍነሽ ግን «አስፕሪን ሰው ሁሉ ይውጣል፤ እኔስ እውጥ የለም ወይ?» ብለው አልሰማ አሉ። ፀሐይወርቅም ልቧ ለሁለት ተከፈለ። በጥርጣሬ ቀጭጫ እንቅልፍ አጣች። ይህን ለዶክተሩ ብነግረው «ያ ዱቄት ካለ አምጡትና እዚሁ ዓይናችን ሥር እንሞክረው» አለ። ጥዬዋለሁ አልሁት። ያን ጊዜ አብረውን የመጡት እትዬ እልፍነሽ አንገታቸውን ደፍተው «እኔ ጋ አለ» አሉ። ለማስረጃ ብለው አንድ ማንኪያ ቆንጥረው በብልቃጥ ይዘውት ኖሯል!

ኪኒኑ ምርመራውን እንዳይሸፍነው ለጥቂት ቀን ካቆመችው በኋላ፣ በየካቲት መጨረሻ ሄድን። መጀመሪያ ክንዷን በመርፌ ጫፍ ነካ አድርገው በውኃ ከበጠበጡት አብሽ ጠብ አደረጉባት። ሁላችንም ያቺን ነጥብ ከበን ቆምን። ሃያ ደቂቃ። ምንም የለም። ቀጥሎ በማንኪያ ጫፍ አቀመሷት፤ አድሬናሊኑ ተሞልቶ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ምንም የለም። በመጨረሻ የቀረውን በብርጭቆ በጥብጠው ሰጧት። ብርጭቆውን ይዛ አየችኝ። እኔ «ተይው፣ ይበቃል» ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። «አይ፣ እናትህን እኔም በድያለሁ» አለችና ያንን መራራ ነገር ያለ ማር ጨልጣ ጠጣችው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀመጥን። እትዬ እልፍነሽ ዳዊታቸውን ገልጠው አንዱን ገጽ ሳይቀይሩ ቆዩ። ከንፈሯን አየን፣ ዓይኗን አየን፣ ክንዷን አየን። ገላዋ እንደ ሕፃን ገላ ጥርት እንዳለ ነው። ዶክተሩ «በሉ ወደ ቤታችሁ» ሲል እትዬ እልፍነሽ ተነሥተው ዳዊቱን ደረታቸው ላይ አደረጉና «የማላውቃትን ሴት ገደልኋት» ብለው አለቀሱ። ለፀሐይወርቅ አክስት ሌላ ደብዳቤ በዚያው ዕለት ጽፈዋል፤ ይህ እስኪደርስዎ እሱም ደርሶ ይሆናል።

ከዚያ ወዲህ አስፕሪን አልነካችም፤ አንድም እብጠት አልወጣባትም። «ለእሷ ብቻ» ያሉበትንም ምክንያት አሁን ከወይንሸት ደብዳቤ አነበብሁ። ለመስቀል የላክነውን ፎቶግራፍ አይተው «ልጅቷ ከስታብኛለች፤ እሱ ካየው ይሻማታል» ብለው ኖሯል። ይህን ሳነብላት ፀሐይወርቅ ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች፤ ቆይታ ፊቷን ታጥባ ወጣች።

ወይንሸት፣ ይህቺ ላንቺ ናት። በቤታችን ወይም በጎረቤት እንዲህ ያለ ነገር በሰው ላይ ቢወጣ ነጭ ሽንኩርት አትቀቡ፣ በትኩስ ውኃ አትጠቡ፤ ቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ ያሳርፋል። የተበላውን ብቻ ሳይሆን የተዋጠውን ኪኒን ሁሉ ቁጠሩ። ከንፈር ካበጠ ወይም ድምፅ ከተለወጠ ግን ጸበልም ሽማግሌም ሳትጠብቁ ወደ ሐኪም ቤት ሩጡ።

እማዬ፣ ይቅር ይበሉኝ ብዬ በደብዳቤ መለመኔ አይበቃም። ስምዎ የጠፋው በሰው ፊት ነውና መመለስም ያለበት በሰው ፊት ነው። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ለሚያዝያ ሥላሴ እንዲደርስ በፈጣን ፖስታ ልኬዋለሁ። እባክዎ በዚያ ቀን ነጠላዎን ለብሰው ወደ ማኅበሩ ይሂዱ። ወይንሸት አብራዎት ትሂድና የፀሐይወርቅ አክስት ባሉበት ከላይ እስከ ታች ጮክ ብላ ታንብበው።

ለጋሼ ታምራት፣ ጉልበትዎን ስሟል በሉልኝ። ለእትዬ ስንዱ እንደምን ከረሙ በሉልኝ። ለትንሿ ለአስናቀች፣ ትምህርቷን እንድትበረታ ወንድሟ አደራ ብሏል። አበጋዝ ትምህርቱን በደህና ጀምሯል፤ ለእናቱ ንገሩልኝ። ፀሐይወርቅ ለብቻዋ ልጽፍ ብላ ሦስት ጊዜ ጀምራ ሦስት ጊዜ ቀድዳለች፤ ለጊዜው እግርዎን ስማለች።

ወይንሸት እኅቴ፣ ለእኔ አዝነሽ አንድም መስመር እንዳትዘዪ። ሀይዌዩ ላይ ያሰብሁትንም፣ በርሜሉ ውስጥ የጣልሁትንም አንብቢው። ሰው ሁሉ ይስማ፤ ልጃቸው በእናቱ ፈርዶ ነበር፣ እናቱ ግን ንጹሕ ነበሩ።

ልጅዎ ግርማቸው

ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ጎዳና
እሑድ፣ መጋቢት 9 ቀን 1965 ዓ.ም.